የእስትንፋስ ፍላጻና የዓባያ ጦር

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ እንጀራውን ያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ይኸውም በማረስና በማደን ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው ናምሩድ በአደን ኀያል እንደ ነበረ፥ ኤሳውም ቀስቱን ይዞ ወደ ዱር እንደ ሄደና በአደኑ ምክንያት በረከቱን እንዳጣ ያውቃል። ነገር ግን አዳኙ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሲሆን፤ በምን መሣሪያ አደነ፤ መሣሪያውስ ስለ ባለቤቱ ጠባይ ምን ይመሰክራል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ በሩቅ አገር የሚገኝ አንድ እንግዳ መሣሪያ እንመለከትና፤ ከዚያ ወደ አገራችን ተመልሰን በምዕራብ ዓባያ ምድርና በአካባቢው ስለ ነበረው አደን እንናገራለን። የአገራችንን ነገር በምንጽፍበት ጊዜ ዓመተ ምሕረትን፤ የውጭውን በምንጽፍበት ጊዜ የአውሮፓን ዘመን እንደምንከተል አንባቢው አስቀድሞ ይወቅልን።

ያ እንግዳ መሣሪያ በአፍ እየተነፋ ፍላጻ የሚወረወርበት ረጅም ቱቦ ነው። በአማርኛ የጸና ስም ስላልወጣለት እኛ የፍላጻ ሸምበቆ ብለን እንጠራዋለን። አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለና የለሰለሰ መሆን አለበት። ፍላጻው ከሹራብ መርፌ የማይወፍር ቀጭን ስንጥር ሲሆን፤ በጭራው ላይ ጥጥ ወይም የጥጥ ዛፍ ብናኝ ወይም ለስላሳ የዛፍ ልብ ይደረግበታል። ይህም የቱቦውን ውስጥ ሞልቶ እስትንፋሱ በጎን እንዳያመልጥ ይከለክላል። አዳኙ አየሩን በጉንጩና በሆዱ አምቆ ባንድ ጊዜ እፍ ሲል፤ እስትንፋሱ ፍላጻውን ከኋላው እየገፋ እስከ ቱቦው አፍ ያደርሰዋል። ቱቦው በረዘመ መጠን እስትንፋሱ ፍላጻውን ለረጅም ጊዜ ይገፋዋልና ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን የሰው ሳንባ ልክ ስላለው ከመጠን በላይ ቢረዝም ጥቅሙ ይቀርና ሰበቃው ፍላጻውን ያደክመዋል። ስለዚህ የሸምበቆው ልክ የሚወሰነው በአንጥረኛ ብልሃት ሳይሆን በሰው ደረት ስፋት ነው።

ይህ መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በሁለት የዓለም ክፍል ነው። አንደኛው በእስያ ምሥራቅና ደቡብ ያለው የደሴቶች አገር ሲሆን፤ በተለይ የቦርንዮ ደሴት ሰዎች ሱምፒታን ብለው ይጠሩታል። እነርሱ የሚሠሩት ከጠንካራ እንጨት ነው። ግንዱን አቁመው በእንጨት ቆጥ ላይ ይወጡና፤ በረጅም የብረት ዘንግ ከላይ ወደ ታች እየወጉ፤ ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት ይቦረቡሩታል። በጫፉም ላይ የጦር ብረት ያስሩበታል፤ ፍላጻው ያቈሰለው አውሬ ዘወር ብሎ ቢመጣባቸው ያው ሸምበቆ ጦር ይሆናቸዋል። ሁለተኛው አገር የደቡብ አሜሪካ የአማዞንና የኦሪኖኮ ወንዞች ጫካ ነው። በዚያ አንዳንዱ ነገድ ሁለት ግማሽ እንጨት ቦርቡሮ በሙጫና በልጥ ያጣብቃል። በጊያና ተራራዎች ግን እግዚአብሔር ራሱ ያዘጋጀው ሸምበቆ አለ፤ ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ርቀት አራትና አምስት ሜትር ያህል ስለሚደርስ መቦርቦር አያስፈልገውም። በሰሜን አሜሪካም የቼሮኪ ሰዎች ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ሠርተው፤ ያለ መርዝ፤ ወፍና ጥንቸል ያድኑበት ነበር።

እንዲህ ያለ ቀላል ፍላጻ ትልቅ እንስሳ ሊገድል የሚችለው በመርዝ ነው። የአማዞን ሰዎች ኩራሬ የሚባለውን መርዝ ከሐረግ ልጥ እያፈሉ ያወጣሉ። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1800 በኦሪኖኮ ወንዝ አጠገብ በኤስሜራልዳ መንደር መርዙ ሲፈላ ቆሞ አይቷል። ኩራሬ ወደ ደም ሲገባ ሥጋንና ጅማትን ያዝላል፤ እንስሳውም ከዛፍ ላይ ይወድቅና እስትንፋሱ ቆሞ ይሞታል። ቢበላ ግን አይጐዳም፤ ስለዚህ ሥጋው ለምግብ ይሆናል። ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መርዙ የሚሠራው ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ሥፍራ መሆኑን አስረዳ። የቦርንዮ ሰዎች መርዝ ደግሞ ከሌላ ዛፍ ደም የሚወጣ ሲሆን፤ የሚመታው ልብን ነው። የዚያ ዛፍ ወገን የሆነ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ጫካም ይበቅላል፤ የአፍሪቃው ግን እንደ እስያው ብርቱ መርዝ የለውም።

ዛሬ በብዙ አገር ይህ ሸምበቆ ከአደን ወደ ጨዋታ ተሸጋግሯል። በጃፓን ፉኪያ ይሉታል፤ ሽማግሌዎችና ሴቶች ሳይቀሩ በወረቀት ፍላጻ ዒላማ እየመቱ፤ እግረ መንገዳቸውንም አተነፋፈሳቸውን ያስተካክሉበታል። በማሌዥያና በቼሮኪ ሰዎች ዘንድም በዓል ሲሆን ውድድር ይደረግበታል። በአገራችንም ተማሪ የእስክሪብቶውን ቀፎ አውጥቶ ያኘከውን ወረቀት በጓደኛው ጀርባ ላይ ሲነፋ የዚህን መሣሪያ ወንድም ሠርቷል፤ መምህሩ ግን ስሙን ስለማያውቀው ብልግና ብሎ ብቻ ይቀጣዋል። ይሁን እንጂ ጨዋታው አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። እንግሊዝና ካናዳ መሣሪያውን በሕግ ከልክለውታል። ሐኪሞችም ለመንፋት አየር ሲስቡ ፍላጻውን ወደ ሳንባቸው የዋጡ ወጣቶችን አክመዋል። ስለዚህ አየር የሚሳበው አፍን ከቱቦው ካላቀቁ በኋላ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በስተቀኙ የዓባያን ሐይቅ፥ በስተግራው የጋሞን ደጋ እያየ ምዕራብ ዓባያን ያቋርጣል። ብርብርና ዋጅፎ በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ሲሆን፤ ወንዞች ከደጋ በሚያወርዱት አፈር ምክንያት ውሃው ቀይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምድር የክርስትና ነገር አዲስ አይደለም፤ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊነት ለሊቃውንት የታወቀ ነው። ከላይ በደጋው በኩል ጨንቻ፥ ዶርዜና ዲታ አሉ፤ በዚያም ቀርከሃ ይበቅላል። የዶርዜ ሰው ቤቱን በቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይሠራዋል፤ ቁመቱ እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ሲደርስ፤ እግሩን ምስጥ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል እንጂ ቶሎ አይወድቅም።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ቀርከሃው አለ፤ መርዙም አለ፤ በእስትንፋስ መጠቀምም አለ። በጋሞ ደጋ ለበዓልና ለለቅሶ ቀንደ መለከት ይነፋል። ከጫሞ ሐይቅ በስተምዕራብ ያሉት የደራሼ ሰዎች ፊላ የሚባለውን የሸምበቆ ዋሽንት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ እየነፉ፤ ከብዙ ሰው እስትንፋስ አንድ ዜማ ያወጣሉ። አንጥረኛውም በወናፍ እሳቱን ያነድዳል። ታዲያ ይህን ሁሉ እስትንፋስ የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ምን የፍላጻ ሸምበቆ አልሠራም?

አንደኛው ምክንያት ከዕፅዋቱ ነው። የደጋው ቀርከሃ ክፍት ቢሆንም አንጓው ቅርብ ለቅርብ ነው፤ እያንዳንዱን አንጓ ወግቶ ውስጡን ማለስለስ ብዙ ድካም አለበት። በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ደግሞ አብዛኛው ድፍን ነው። ነገር ግን የቦርንዮ ሰው ድፍን እንጨት መቦርቦር ካልገደደው ይህ ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ምክንያት ከምድሩ ነው። የፍላጻ ሸምበቆ የተወለደው አዳኙ ከረጅም ዛፍ በታች ቆሞ፤ በላዩ የተቀመጠውን ወፍና ዝንጀሮ በጸጥታ በሚያወርድበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነው። የዓባያ ዳር ግን ግራርና ሣር የበዛበት፤ አውሬው ከሩቅ የሚያይና የሚሮጥ፤ ትልቁም በውሃ ውስጥ የሚኖር ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ያ ቀላል ስንጥር ከሠላሳ ሜትር በላይ ማለፍ ይቸግረዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሰው ልብ ነው፤ እኔም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። የፍላጻ ሸምበቆ ዝም ያለ መሣሪያ ነው። ደም አያሳይም፤ አይጮኽም፤ አዳኙንም በአደጋ ላይ አይጥለውም። በሸምበቆ የገደለ ሰው ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ግዳይ ጥሎ አይፎክርም። በኢትዮጵያ ግን አደን ለብዙ ዘመን የምግብ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የክብር ነገር ነበረ። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል፤ ዝሆን የገደለ የወርቅ ጉትቻ ያንጠለጥላል። ክብሩ የሚለካው ገዳዩ ከሞት ጋር በተቀራረበው መጠን ስለ ነበረ፤ ጦርና ጐራዴ ከፍላጻ ይልቅ ተመረጡ።

ታሪኩም ይህን ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ የተወለደው የግሪክ ጸሐፊ ስትራቦን በቀይ ባሕር ዳር ስለሚኖሩት ዝሆን አዳኞች ሲጽፍ፤ ሦስት ሰዎች ባንድ ቀስት እየተረዳዱ፤ ሁለቱ በእግራቸው ደግፈው አንዱ ገመዱን እየሳበ፤ በእባብ ሐሞት የተነከረ ፍላጻ ይወረውሩ እንደ ነበር ይናገራል። ዮስጢንያኖስ ንጉሠ ነገሥት በስድስተኛው መቶ ዘመን ወደ አክሱም የላከው ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ አምስት ሺህ ያህል ዝሆኖች ባንድ ስፍራ ሲግጡ አየ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄድ አንድ ዝሆን አያገኝም። ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ የቆየው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ቆላ ሁለት ሰዎች ባንድ ፈረስ ተቀምጠው ዝሆኑን ሲያስቆጡ፤ አንዱ ወርዶ በጐራዴ የኋላ እግሩን ጅማት ሲቆርጥ አይቶ ጽፏል። ይህ ድፍረት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ያንን አምስት ሺህ የጨረሰውም የዝሆን ጥርስ ንግድና ይኸው ድፍረት ባንድነት ናቸው።

መርዝም በአገራችን ያልታወቀ አልነበረም። በአማርኛ ምረንዝ የሚባለው ዛፍ ከቅጠሉና ከእንጨቱ ሲፈላ እንደ ቅጥራን ያለ ጥቁር መርዝ ይወጣዋል። ከቦረና እስከ ኬንያ የሚኖሩት ዋታ የሚባሉት አዳኞች ይህን የመሰለ መርዝ በፍላጻቸው ላይ እየቀቡ ዝሆን ይጥሉ ነበር። የሱማሌም ሰዎች ዋባዮ ይሉታል፤ የፈረንሳይ ኬሚስት አርኖ በ1888 ከዚያ ዛፍ ወገን ያወጣውን ንጥረ ነገር ከዚህ ስም ወስዶ ኡዋባይን አለው።

በዓባያ ሐይቅ ላይ ግን መሣሪያው ሌላ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች አንዷ ጊዲቾ ናት። በዚያች ደሴትና በዙሪያዋ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች እንደ ቡሽ ከሚቀልል እንጨት ታንኳ እያሰሩ፤ ዓሣ ያጠምዱና ጉማሬ ያድኑ ነበር። በሰሜንም የጣና ወይጦ በደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ በጦር ጉማሬ ያድን ነበር። ይህ ሥራ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ የሚያውቅ ጉማሬ በተቆጣ ጊዜ ያየ ሰው ነው፤ ታንኳውን ገልብጦ ሰውን በጥርሱ ይቆርጣል። እንግዲህ ክብር በአደጋ የሚለካ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በጎፈርና በጉትቻ ሊያጌጡ ይገባቸው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ወይጦ ጉማሬ ስለሚበላ እንደ ርኩስ ተቆጠረ፤ ጎረቤቱ ከእርሱ ጋር አልበላም፤ ልጁንም አልዳረለትም። አንዱ ለክብሩ ገድሎ ጌታ ሲባል፤ ሌላው ለልጆቹ ምግብ ገድሎ ተናቀ።

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። ጌታው የሚፎክርበትን ጦር የሠራው ማን ነው? በጋሞ ሕግ ሕዝቡ በሦስት ወገን ይከፈል ነበር። መሬት ያለውና የሚያርሰው ማላ፥ ሸክላ የሚሠራው ማና፥ ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚያለፋው ደጋላ ይባላል። ማላ የደጋላውን ጦር ይዞ ይወጣል፤ በደጋላው ማረሻ ያርሳል፤ በማናዪቱ ድስት ይቀቅላል፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ባንድ ማዕድ አይቀመጥም፤ መቃብራቸውንም ይለያል። ይህም የጋሞ ብቻ ነውር አይደለም፤ በሰሜኑም አንጥረኛው ቡዳ፥ ሸማኔው ቁጢት በላ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ በደጋውም በቆላውም ግን ነገሩ ከልብ ሁሉ ወጥቷል ብሎ የሚምል ካህን ያለ አይመስለኝም። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ባንድ ጽዋ የሚቀበሉ ሰዎች ከቅጽሩ ውጭ ባንድ ገበታ ካልተቀመጡ፤ ጥፋቱ የደጋላው ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ጠብመንጃ መጣ። የኢጣልያው መስፍን ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በ1886 ዓ.ም. ወደ ጫሞ ሐይቅ አካባቢ ሲጓዝ፤ በቡርጂ በኩል ሊያድነው የወጣው ዝሆን ራሱን ገደለው። ከሻንጣው ውስጥ ነጭ ራስ ያላት አንዲት ውብ ወፍ ተገኘች፤ የት እንደ ያዛት ግን ሳይጽፍ ስለ ሞተ፤ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን አገሯን ሳያውቁ ቆዩ። ወፊቱ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች፤ የምትኖረውም በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። በ1888 ዓ.ም. የመጣው ቪቶሪዮ ቦቴጎም የዓባያን ሐይቅ በንግሥቱ ስም ማርገሪታ ብሎ ሰየመው። ስሙ በካርታ ላይ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፤ ዓባያ ግን ዓባያ ሆኖ ቀረ። ጠብመንጃው የተወው ጥፋት ግን እንደ ስሙ በቀላሉ አልጠፋም። በጦር አንድ አውሬ ለመጣል አንድ ቀን የሚደክም ሰው፤ በጥይት በአንድ ሰዓት ብዙ መጣል ቻለ። አደጋው ከአዳኙ ላይ ተነሣ፤ ክብሩ ግን በስሙ ላይ ቀረ።

በ1966 ዓ.ም. በዓባያና በጫሞ መካከል ያለው ምድር የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። ዋናው ምክንያት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን የከብት ግጦሽ፥ የማገዶ ቆረጣና ስውር አደን ተባብረው የቆርኬውን ቁጥር እያሳነሱ ጥቂቶች ብቻ እስኪቀሩ አደረሱት። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች የአንዲት ትንሽ የሌሊት አዳኝ ወፍ ክንፍ አገኙ። ክንፉ ከታወቁት ወፎች ከማናቸውም ጋር ስላልተስማማ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ወገን ናት ተብሎ ስም ወጣላት። በዓለም ላይ ባንድ ክንፍ ብቻ ስም የተሰጣት ወፍ በእኛ ደጅ የተገኘችው ናት። በማሽላው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚቆም ልጅ እህሉን መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያልተሰማሩባትን ወፍ ለጨዋታ ብሎ የሚጥል ልጅ ምን እንደ ጣለ አያውቅም፤ ምናልባትም የቀረችው እርስዋ ትሆናለችና።

አሁን ደግሞ ወደ መርዙ ተመልሰን ነገራችንን እንፈጽም። ያ የአማዞን አዳኝ በእስትንፋሱ ይነፋው የነበረው ኩራሬ በ1942 በሞንትሪያል ከተማ ሃሮልድ ግሪፊዝ በተባለ ሐኪም እጅ የቀዶ ሕክምና መድኀኒት ሆነ። በሽተኛው ጡንቻው ሲላላ ሐኪሙ ያለ ችግር ይቀድደዋል፤ ነገር ግን መርዙ መተንፈስን ስለሚያቆም ሌላ ሰው ቆሞ አየር ይሰጠዋል። ኡዋባይንም በበኩሉ ለልብ ሕመም መድኀኒትነት አገልግሏል፤ የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኮው በ1957 በሕዋሳት ውስጥ ጨውን የሚያወጣና የሚያስገባውን ሥርዓት አገኘ፤ ያገኘውንም በኋላ ለማረጋገጥ ይህ መርዝ ረድቶታል፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንድ ሰው እስትንፋሱን ነፍቶ የሌላውን ፍጥረት እስትንፋስ ያቆምበት የነበረ ነገር፤ ዛሬ አንዱ ለሌላው እስትንፋስ እየሰጠ ሕይወት የሚያድንበት ሆነ። መርዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ በአፍንጫው የሕይወት እስትንፋስ እንደ ሰጠው ሁላችን እናስተምራለን። ይህ እስትንፋስ በማላውም በደጋላውም፤ በጌታውም በወይጦውም አፍንጫ ውስጥ አንድ ነው። የዓባያ ሰው የፍላጻ ሸምበቆ ስላልሠራ አያፍርበትም፤ ጦሩም የሚያሳፍረው አልነበረም። የሚያሳፍረው ጦሩን የሠራውን ንቆ በጦሩ መክበሩ ነው። የአባቶቻችንን ድፍረት ለልጆቻችን ስንተርክ የአንጥረኛውንና የታንከኛውን ስም አብረን እንተርክ፤ የቀረውንም ቆርኬና ወፍ በሕይወቱ እናሳያቸው እንጂ በክንፉና በቀንዱ ብቻ አናስታውሳቸው።